«እኔ ጋ አለ!»

«እኔ ጋ አለ» የምትል አነጋገር አለችን። አጭር ነች፤ የሚሰማትንም ሰው ወዲያው ታሳርፈዋለች። የሠርጉ ቪዲዮ የት ነው? «እኔ ጋ አለ!» የእድሩ መዝገብስ? «እኔ ጋ አለ!» የአባታችን የጡረታ ወረቀት፣ የቤቱ ካርታ፣ የአያታችን ብቸኛ ፎቶግራፍ… ሁሉም አንድ ሰው «ጋ» አለ። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የቤተሰቡ ጠንቃቃ፣ ቁልፉን በኪሱ ይዞ የሚዞር፣ ሌላው ሰው ዕቃ ሲነካ የሚያመው ዓይነት ነው። እኔም በቤታችን ይህን ሹመት ይዤ ለዓመታት የኖርኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ስለዚች አነጋገር ክፉ መናገር አምሮኛል። መብቱም ያለኝ ይመስለኛል፤ ዕዳዋን ከፍዬባታለሁና።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ «ጋሼ» የምንላቸው ታላቅ ወንድማችን በ1974 ዓ.ም. በሱዳን አድርገው ወደ አሜሪካ የሄዱ ናቸው። እናታችን ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤ ማስጻፍም አትወድም ነበር፤ «ጸሐፊ ሲገባበት የኔ ነገር የሱ ነገር ይሆናል» ትላለች። ስለዚህ በዚያ ዘመን ብዙ ቤተሰብ ያደርገው እንደነበረው፣ ድምጿን በካሴት ትልክላቸው ነበር። ቴፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን፣ ቀዩን ቁልፍ ተጭነን እንወጣላታለን። እሷ ብቻዋን ከቴፕ ጋር ስታወራ ትቆያለች። ከዚያ ሰው ሲገኝ ይላካል። አንድ ክረምት ላይ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ቴፑን ብድግ አድርጋ ወደ መስኮቱ ወስዳ «ይኸው ስማው ዝናቡን፣ እዚያ እንዲህ አይዘንብም ይሉኛል» ማለቷን እኔና እህቴ በር ስር ሆነን ሰምተናል።

ጋሼ እነዚያን ካሴቶች አንድም ሳይጥሉ አስቀምጠው ኖረዋል። እናታችን ካረፈች በኋላ አሥራ ሦስቱን በጫማ ካርቶን አድርገው ላኩልኝ። «አንተ ነገር ታውቃለህ፤ ወደ ኮምፒዩተር ገልብጣቸው፤ አደራ!» አሉኝ። ቴፕ ተውሼ፣ ገመድ ገዝቼ፣ ሁለት ቅዳሜ ሙሉ ተቀምጬ ገለበጥኳቸው። ቤት ስንቀይር ደግሞ ካርቶኑን ከነካሴቶቹ ጣልኩት። «ዲጂታል ሆነዋል፤ ፕላስቲኩ ምን ያደርጋል?» ብዬ ነው። ይችን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

ለድምፁ፣ ለፎቶው፣ ለጽሑፌ ሁሉ ማኖሪያ እንዲሆን አንድ ሳጥን ገዛሁ። የሙያው ሰዎች በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ናስ» ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማ የታየኝ የናስ ማንቆርቆሪያ ነበር። ነገሩ ግን ከጫማ ካርቶን የማይበልጥ፣ በሆዱ ሃርድ ዲስኮች የሚይዝ፣ ከቤቱ ራውተር ጋር በገመድ የሚገናኝ ሳጥን ነው። ስልኩም፣ ላፕቶፑም፣ ቴሌቪዥኑም በቤቱ ኔትወርክ በኩል እየገቡ ፋይል ያኖሩበታል፣ ያወጡበታልም። ባጭሩ የቤት ግምጃ ቤት ነው። የኔው ሁለት ዲስክ አለው፤ አንዱ የሌላው መስታወት ነው። እዚህኛው ላይ የተጻፈው በዚያች ቅጽበት እዚያኛውም ላይ ይጻፋል። አንዱ ቢሞት ሌላው ሥራውን ይቀጥላል። የሸጠልኝ ልጅ «ከዚህ በኋላ እንቅልፍዎን ይተኙ» አለኝ። ተኛሁ።

ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ከአንዴም ሁለቴ «የእማዬን ድምፅ በፍላሽ አድርገህ ስጠኝ» ብላኛለች። ምን ብዬ እንደመለስኩ መገመት አያዳግታችሁም። «እኔ ጋ አለ፤ የት ይሄዳል? ስትፈልጊ መጥተሽ ትሰሚያለሽ። አንቺ ጋ ከገባ ልጆቹ ይደመስሱታል።»

እናታችን ባረፈች በሰባተኛው ዓመት፣ ለመታሰቢያዋ እኔ ቤት ተሰበሰብን። ምሳ ተበላ፣ ቡና ተፈላ። እትዬ «ያችን ዝናብ ያለባትን አሰማን» አለች። ላፕቶፔን ከፈትኩ። ካሴት አንድ አለ፣ ሁለት አለ፣ እስከ ስድስት አለ። ከዚያ አሥራ አንድ። ከሰባት እስከ አሥር ያሉት አራቱ የሉም። ፈለግኩ። ቡናው ሁለተኛ ወጣ፣ ሦስተኛ ወጣ። እኔ ፍለጋ ላይ ነኝ። እንግዳው አንድ በአንድ ሲሄድ እትዬ ብቻ ቁጭ ብላ ታየኝ ነበር። አንድም ቃል አልተናገረችም። ቢናገሩ ይሻላል።

ማታ ጉዱ ተገለጠ። ከስምንት ወር በፊት ሳጥኑን «ሳጸዳ» ካሴት የሚባል ፎልደርና ካሴት-2 የሚባል ፎልደር አገኘሁ። ሁለተኛውን ድጋሚ ቅጂ መሰለኝና ደመሰስኩት። ለካስ እሱ በሁለተኛው ቅዳሜ ከገለበጥኳቸው ከፊሎቹን የያዘ ነበር። ሌባ አልሰረቀኝም፤ ዲስክ አልተበላሸብኝም፤ መብራትም አልሄደ። የእትዬ ልጆችም እዚያ አልነበሩም። ደምሳሹ እኔው፣ ጠባቂው ነኝ።

«መስታወቱስ?» ትሉ ይሆናል። መስታወት ታማኝ ነው። ስትስቁ ይስቃል፣ ስታለቅሱ ያለቅሳል፣ ስትደመስሱም ይደመስሳል። ሁለቱ ዲስኮች ትእዛዜን በአንድ ቅጽበት በታማኝነት ፈጸሙ። ላፕቶፔ ላይ የነበረው ቅጂስ? እሱንም ከሳጥኑ ጋር «እንዲመሳሰል» አዝዤው ነበር፤ «ሲንክ» ይሉታል። ተመሳሰለ። ሳጥኑ ውስጥ የጠፋው ላፕቶፑም ላይ ጠፋ። የሳጥኑ የቆሻሻ ቅርጫት ደግሞ ከ30 ቀን በኋላ ራሱን እንዲያጸዳ ያዘዝኩት ራሴ ነበርኩ። ጠንቃቃ ነኛ!

እዚህ ላይ ሥራዬ ትችት ነውና ልተች። «ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚል ተረት ያለን ሰዎች ነን። ማንም ባክአፕ የሚባለውን ነገር ሊያስተምረን ባልተገባ ነበር። ችግሩ ሁለቱንም ባላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ መትከላችን ነው። ሁለት ዲስክ በአንድ ሳጥን፣ ሁለት ሳጥን በአንድ ቤት፣ ሁለት ቅጂ በአንድ ሰው እጅ። ጉድጓዱ ሲናድ ባላውን መቁጠር ምን ይጠቅማል?

ይህ የእኛ ብቻ በሽታ ነው ብዬ ራሳችንን አልወቅስም። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል በእሳት ሲወድም፣ መጠባበቂያ ቅጂያቸው እዚያው ግቢ የነበረ ደንበኞች ዋናውንም መጠባበቂያውንም አንድ ላይ አጥተዋል። ባላው ሁለት ነበር፤ ጉድጓዱ ግን አንድ።

ሁለተኛው ትችቴ የሚያርፈው ዕቃዎቹን በሚሠሩትና በሚሸጡት ላይ ነው። የሳጥኑን ገጽ ስትከፍቱ መስታወቱም፣ ማመሳሰሉም፣ መጠባበቂያውም ጎን ለጎን፣ እንደ ወንድማማች ተደርድረው ታገኟቸዋላችሁ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። መስታወቱ ዲስክ ሲሞት ሥራ እንዳይቆም ያደርጋል፤ ሌላ ሙያ የለውም። ማመሳሰሉ ሁለት ቦታ ያለው ነገር ዛሬ አንድ ዓይነት እንዲሆን ያደርጋል። መጠባበቂያ ግን የትናንቱን፣ የአምናውን ለብቻው የሚያኖር ነው። እኔ ዛሬ ስሳሳት «አይ፣ ትናንት እንዲህ አልነበረም» ብሎ የሚከራከረኝ እሱ ነው። ሦስቱንም የሚያሳውቀን ደግሞ ያው አንድ አረንጓዴ ምልክት ነው፤ «ተሳክቷል» ይላል። ምን እንደተሳካ አይነግረንም። እኔ ካሴቶቹን የደመሰስኩ ቀን ማታም «ተሳክቷል» ብሎኛል። እውነቱን ነው፤ ድምሰሳው ተሳክቷል።

ይህን ሁሉ ከተረዳሁ በኋላ ሁለተኛ ሳጥን ለመግዛት ወሰንኩ። ይኸኛው የሚቀመጠው በእኔ ቤት ሳይሆን በእትዬ ቤት ነው። እኔ ገርጂ ነኝ፣ እሷ ጀሞ ነች። አንዱ ቤት ሌባ ቢገባ፣ ጎርፍ ቢገባ፣ እሳት ቢነሳ ሌላው ይተርፋል። የእኔ ሳጥን በየሌሊቱ ወደ እሷ ይልካል፤ የእሷ ቤተሰብ ፎቶና ሰነድም በተራው ወደ እኔ ይመጣል።

ማድረግ ለምትፈልጉ የሥራውን አካሄድ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ እንደሚፈራው አይደለም። የመጀመሪያው ዙር ከባድ ነው። ሁለት ቴራባይት የሚሆን ንብረት አለኝ። በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ ኢንተርኔት ወደ ጀሞ ልላከው ብል፣ መብራትም ኔትወርክም አንዴ ሳይቋረጥ 18 ቀን ተኩል ይፈጃል። «ሳይቋረጥ» የምትለዋን ቃል እናንተው መዝኗት። ስለዚህ የእትዬን ሳጥን መጀመሪያ ወደ እኔ ቤት አመጣሁት። ከዚያው ራውተር ላይ በገመድ ሰክቼ ስገለብጥ ሌሊቱ ሳይነጋ አለቀ። ከዚያ ሳጥኑን በታክሲ ጭኜ ጀሞ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ በኢንተርኔት የሚሄደው በዕለቱ የተለወጠው ብቻ ነው፤ ብዙ ቀን ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም። ይህ የተለወጠውን ብቻ ለይቶ የመላክ ብልሃት አዲስ አይደለም። አንድሩ ትሪጀልና ፖል ማከራስ የሚባሉ ሰዎች አርሲንክ የሚባለውን ፕሮግራም ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ሁለተኛው ነገር የዕድሜ ጉዳይ ነው። የወሩን በየቀኑ፣ የዓመቱን ደግሞ በየወሩ እንዲያኖር አዘዝኩት። ዛሬ የሳትኩትን ከስምንት ወር በኋላ ብነቃ አገኘዋለሁ ማለት ነው። ይህ ልክ ለእኔ ስህተት የተሰፋ ነው።

ሦስተኛው የበሩ ጉዳይ ነው። ሁለቱ ሳጥኖች እንዲገናኙ ብዬ የራውተሩን በር ለዓለም ሁሉ ወለል አድርጌ አልከፈትኩም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዴድቦልት የተባለው የቤዛ ቫይረስ በበይነ መረብ ላይ ተጋልጠው የተገኙ የኪውናፕ ሳጥኖችን እየፈለገ ፋይላቸውን ቆልፎ ገንዘብ ሲጠይቅ ነበር። ስለዚህ በሁለቱ ቤቶች መካከል ቪፒኤን የሚባለውን የተሸፈነ መንገድ ዘረጋሁ። በተጨማሪም የእትዬ ሳጥን በራሱ ሥልጣን በየቀኑ የሚያነሳው ቅጽበታዊ ምስል አለ፤ የኔ ሳጥን ይህን ሊነካው አይችልም። እንደ ሙዳየ ምጽዋት አስቡት። ማስገባት ይችላል፤ እጁን ሰዶ ማውጣት አይችልም። እኔ ቤት ቫይረስ ቢገባ፣ ወይም እኔ ራሴ ደግሜ «ላጽዳ» ብል፣ ጀሞ ያለው ይተርፋል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ የገመድና የቁልፍ ጉዳይ ነው፤ በአንድ ቅዳሜና እሁድ ያልቃል። ዋናው ችግር የመጣው እትዬ ጥያቄ ስትጠይቅ ነው።

ሳጥኑን ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ሳስቀምጥ ቆማ ታየኛለች።

«ይሄ ምን ይሠራል?» አለች።

«እኔ ቤት ያለው ሁሉ እዚህም ይኖራል። የኔው ቢጠፋ ከዚህ አወጣለሁ።»

«የእማዬም ድምፅ?»

«የተረፈው፣ አዎ።»

«እኔ ታዲያ ከዚህ መስማት እችላለሁ?»

«አይ፣ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ሳጥኑን ሌባ ቢወስደው እንኳ እንዳያነበው…»

ዝም አለችና ቆየች። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እኔ በፍላሽ ስጠኝ ስልህ ከለከልከኝ። አሁን ደግሞ ቆልፈህ እኔ ቤት ልታስቀምጠው መጣህ። መብራቱ የኔ፣ ቦታው የኔ፣ ቁልፉ ያንተ። እኔ ምንህ ነኝ? መጋዘንህ?»

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ቢሆን ጥሩ መልስ ያለኝ አይመስለኝም። መጠባበቂያ አበጀሁ ብዬ የሠራሁት ያችኑ አሮጌዋን «እኔ ጋ አለ»ን ነበር፤ በሁለት ቤት የምትኖር አደረግኳት እንጂ። በባክአፕ መመሪያዎች ውስጥ የእትዬን ጥያቄ የሚያነሳ አላገኘሁም። ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ ይሁን፣ አንዱ ከቤት ይራቅ የምትል፣ ፒተር ክሮግ የሚባል አሜሪካዊ ፎቶግራፍ አንሺ ያስፋፋት ደንብ አለች። ጥሩ ደንብ ነች። ግን ቅጂ ትቆጥራለች እንጂ ሰው አትቆጥርም። የነገሩ ባለመብት ስንት ነው ብላ አትጠይቅም።

ሰው መቁጠር ለምን ይጠቅማል? አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የተባለው የፊልም ኩባንያ «ቶይ ስቶሪ 2»ን እየሠራ ሳለ አንድ ሰው በስህተት በሰጠው ትእዛዝ የፊልሙ አብዛኛው ክፍል ከኮምፒዩተሮቹ ተደመሰሰ። መጠባበቂያውን ሲከፍቱት እሱም በትክክል ሲሠራ አልቆየም። ፊልሙን ያተረፈችው ጋሊን ሱስማን የምትባል የቴክኒክ ኃላፊ ነበረች። ልጅ ወልዳ ቤቷ ሆና ትሠራ ስለነበር ቅጂ ቤቷ ነበራት። ያንን ሥራ ያዳነው የኩባንያው መሣሪያ ሳይሆን አንዲት እናት ሥራውን ቤቷ እንድትይዝ መፈቀዱ ነው። ቢሮው «እኛ ጋ አለ፤ አንቺ ምን ያደርግልሻል?» ቢላት ኖሮ ያን ቀን የሚሮጡበት አልነበራቸውም።

ከእኛም አገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም መነሳት ጀመሩ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንና በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ያለው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት የተባበሩበት ሥራ ነበር። 9,000 ያህል ብራናዎች ተነሡ፤ ቅጂው በአዲስ አበባም በኮሌጅቪልም ተቀመጠ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዓመታት ያህል ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ የኖሩት ያንን ፊልም እያነበቡ ነው። ለዚህ ሥራ ስንት የዕቃ ቤት ጠባቂ ካህን መጽሐፉን ከሳጥን አውጥቶ ለካሜራ መስጠት ነበረበት! «እኛ ጋ አለ፤ ለምን ይነሣል?» ማለት ይቀል ነበር። መፍራታቸውም በከንቱ አይደለም፤ ከአገር ወጥቶ የቀረው ብራና ብዙ ነው። ግን መስጠትና መስረቅ ይለያያሉ። ዋናው እዚያው ሆኖ ቅጂው ሲሄድ፣ ባለቤቱ የሚያጣው ነገር ብዙም የለም። ምናልባት «ያለ እኔ አይገኝም» የምትለዋን ኩራት ብቻ።

ያች ኩራት ነች ጣጣው። የኛ ሰፈር እድር ገንዘብ ያዥ ታመው ሆስፒታል በገቡ ጊዜ መዝገቡ ቤታቸው ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። በዚያው ሳምንት ሰው ሞተ። ማን ከፍሏል፣ ማን ውዝፍ አለበት፣ ካዝናው ውስጥስ ምን አለ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተው ቀበሩ። ገንዘብ ያዡ ሌባ አይደሉም፤ እጅግ ታማኝ ሰው ናቸው። ግን ታማኝነት ሲባል የገባን ነገር ጠቦ ጠቦ «ለማንም አልሰጥም» ወደሚለው ወርዷል። አደራን የምናውቀው በመቆለፍ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ግን ግዴታው መቆለፍ ብቻ ነበር? ባለአደራው ሲሞትስ አደራው ምን ይሆናል?

እኔና እትዬ በመጨረሻ የተስማማነው እንዲህ ነው። የግሌ ነገር፣ ያላለቀ ጽሑፌ፣ የባንክ ወረቀቴ ተቆልፎ ይሄዳል፤ የእሷም እንዲሁ ተቆልፎ ወደ እኔ ይመጣል። የቤተሰብ የሆነው ሁሉ ግን፣ የእናታችን ድምፅ፣ የአባታችን ፎቶ፣ የቤተሰብ ሰነድ፣ በአንድ ክፍት ፎልደር ሆኖ በሁለቱም ቤት ይኖራል። ማንም ያየዋል፣ ይሰማዋል፣ በፍላሽም ይወስደዋል። ለጋሼም አንድ ቅጂ በትንሽ ዲስክ ተልኮላቸዋል።

ቁልፉ ራሱ ሌላ ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለ የተቆለፈ መጠባበቂያ ቁልፉ ከጠፋ የሠራው ኩባንያም አይከፍተውም። ቁልፉ በእኔ ጭንቅላት ብቻ ካለ፣ ያው «እኔ ጋ አለ» ነው፤ ይባስ ብሎም እኔ ስሞት አብሮኝ የሚቀበር። ስለዚህ በወረቀት ጽፌ፣ በፖስታ አሽጌ ለእትዬ ልጅ ሰጠሁ፤ የእሷንም ባለቤቴ ይዛዋለች። በዚህ ሁሉ ዲጂታል መሀል የመጨረሻው መተማመኛ የታሸገ ፖስታና ሰው መሆኑ ገርሞኛል።

አሁን የፈራሁትን ልናገር። ለጋሼ ለሁለት ሳምንት አልነገርኳቸውም ነበር። በመጨረሻ ደወልኩ። አራቱ ካሴቶች መጥፋታቸውን፣ ኦሪጅናሎቹንም መጣሌን ነገርኳቸው። ሰበብ ላቀርብ ብዬ ስለ ዲስኩ መስታወት ማብራራት ጀምሬ ራሴ አፈርኩና ተውኩት።

«ዝናቡ ያለበትስ?» አሉ።

«እሱም አለበት ጋሼ። ይቅር ይበሉኝ።»

ዝም አሉ። የስልኩ መስመር የተቆረጠ መሰለኝ።

«እኔ እንኳ ብዙ ሰምቼዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «በስደት እየከፈትኩ ሰምቼዋለሁ። አንተ ስትገለብጠው ካልሆነ አንዴም ተቀምጠህ የሰማኸው አይመስለኝም።»

እውነታቸውን ነው። ስምንት ወር የጠፋን ነገር ጠፋ ብዬ ያላወቅሁት ከፍቼ ስላልሰማሁት ነው። ለካስ ማስቀመጥ እንጂ መጠቀም ሥራዬ አልነበረም። ከዚህ ንግግር በኋላ ነው የባክአፕ ሰዎች አጥብቀው የሚናገሯት አንዲት ምክር የገባችኝ፦ ተመልሶ ያልተሞከረ ቅጂ፣ ቅጂ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ጊትላብ የተባለው ድርጅት ሠራተኛ በድካም ላይ ሆኖ የተሳሳተ ማሽን ላይ ያለ የመረጃ ቋት ደመሰሰ። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ ሲሞክሯቸው የሚያስተማምን አንድም አልተገኘም። ያዳናቸው ከስድስት ሰዓት በፊት አንድ ሰው ለሌላ ጉዳይ ያነሳው ቅጂ ነው። ድርጅቱ ይህን አልደበቀም፤ ለሕዝብ በግልጽ ተናገረ። እኛስ አገር ስንቱ መሥሪያ ቤት «መጠባበቂያ አለን» ይላል? ስንቱስ አንድ ቀን ከመጠባበቂያው አንዲት ፋይል አውጥቶ አይቷል?

እኔና እትዬ ታዲያ ደንብ አወጣን። በየወሩ የመጀመሪያው እሁድ እሷ አንድ ፋይል ትመርጣለች፤ እኔ ከሌላው ቤት ቅጂ አውጥቼ አሳያታለሁ። ባለፈው ተራ «ካሴት አራት» አለች። ወደ ጀሞው ሳጥን ልገባ ብል የለም። ለካስ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተነቅሎ ኖሯል። የቤቱ ሰው ካውያ ለመሰካት ሶኬቱን ፈልጎ ነቅሎታል፤ መልሶ የሰካው የለም። የኔ ሳጥን በየሌሊቱ «አልተሳካም» እያለ ኢሜይል ሲልክልኝ ነበር፤ ኢሜይሉን ያነበበ ግን የለም። እዚያ ፈተና ባናስቀምጥ ኖሮ ዘጠኙ ቀን ዘጠኝ ወር ይሆን ነበር። እትዬ ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። ሶኬቱ ላይ «አይነቀልም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ከዚያ ካሴት አራት ወጣ፤ እናታችን ስለ በርበሬ ዋጋ ስታማርር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠን ሰማናት።

እናንተስ? እናንተ ጋ ብቻ ያለው ምንድን ነው? ሁለት ሳጥን መግዛት አቅም ይጠይቃል፤ አላስገድድም። ለፍላሽና ለፎቶ ኮፒ ግን ብዙዎቻችን አናንስም። በዚህ ሳምንት አንዱን ነገር ገልብጡና ለእህታችሁ፣ ለወንድማችሁ፣ ለእድራችሁ ጸሐፊ ስጡት። ሳይቃጠል በቅጠል! የኔዋ ዝናብ ከእንግዲህ በጋሼ ጆሮ ውስጥ ብቻ ነው ያለችው፤ የእሳቸውን ጆሮ ደግሞ ባክአፕ ማድረግ አልችልም።